ቡናና ጫት የተዳኙበት ዕውቀት

እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ውስጥ ቡና ለፍርድ ቀረበ። የከተማዋ ሹም ካኢር ቤግ ዑለሞችን፣ ማለትም የሃይማኖት ሊቃውንትን፣ ሰብስቦ ይህ ከየመን የገባ ጥቁር መጠጥ ሐላል ነው ወይስ ሐራም ሲል ጠየቀ። ሁለት ሐኪሞች ለሰውነት አይበጅም አሉ፤ እንደ ወይን ጠጅ ያሰክራል ያለም ነበር። ቡና ታገደ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከካይሮ የመጣው ትእዛዝ እገዳውን አላላው፤ በቡናው ሰበብ የሚደረገው ሥርዓት የለሽ ስብሰባ እንጂ መጠጡ ራሱ የሚከለከልበት ምክንያት አልተገኘም።

ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት በአንድ ዕውቀት መሠረት ነው። ስሙ ኡሱል አል-ፊቅህ ይባላል። ፊቅህ ሙስሊሙ ሊያደርገውና ሊተወው የሚገባውን የሚዘረዝር ሕግ ሲሆን፣ ኡሱል ደግሞ ያ ሕግ ከየት እንደሚቀዳና በምን መንገድ እንደሚወጣ ያስተምራል።

በሱኒዎች ዘንድ ዋናዎቹ ምንጮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ቁርአን ነው። ከ6,236 አንቀጾቹ ውስጥ ሕግ የሚደነግጉት ግን በተለመደው ግምት ወደ 500 ብቻ ናቸው። ሁለተኛው የነቢዩ ሙሐመድ ሱና ነው፤ የተናገሩት፣ ያደረጉት፣ ሌላው ሲያደርግ አይተው ያልተቃወሙት። ይህ የሚታወቀው በሐዲስ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሐዲስ ማን ከማን እንደሰማው የሚዘረዝር የተራኪዎች ሰንሰለት አለው። መሐል ላይ አንድ ሰው ከጎደለ ወይም የማይታመን ተራኪ ከተገኘ ሐዲሱ ለፍርድ ያለው ክብደት ይቀንሳል። ሦስተኛው ኢጅማዕ፣ የአንድ ዘመን ሊቃውንት በአንድ ፍርድ ላይ መስማማታቸው ነው። አራተኛው ቂያስ፣ አዲሱን ጉዳይ ከነባሩ ጋር ማነጻጸር ነው።

ይህን ሥርዓት «አል-ሪሳላ» በተባለው መጽሐፋቸው ያደራጁት ኢማም አል-ሻፊዒ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ767 ነው። ብዙዎቹ ምንጮች የትውልድ ቦታቸውን ጋዛ ሲሉ፣ አስቀላን የሚሉም አሉ። የሻፊዒ ጭንቀት ዳኛ ደስ ያለውን ሁሉ ሕግ ብሎ እንዳይፈርድ ነበር። እያንዳንዱ ፍርድ ከተጻፈው ወይም ከተላለፈው ቃል ጋር የሚያያዝበት ገመድ ሊኖረው ይገባል አሉ።

የዚህ ዕውቀት ጥበብ ጎልቶ የሚታየው በቂያስ ላይ ነው። ቂያስ አራት ነገር ይፈልጋል፦ ፍርድ የተሰጠበት ነባር ጉዳይ፣ ፍርዱ፣ አዲሱ ጉዳይና ሁለቱን ጉዳዮች የሚያገናኘው ምክንያት። የወይን ጠጅ የተከለከለው ስለሚያሰክር ነው፤ አረቄም ያሰክራል፤ ስለዚህ በብዙኃኑ ዑለሞች ዘንድ ፍርዱ ያው ነው። ቡና ግን እንቅልፍ ያባርራል እንጂ አያሰክርም። ምክንያቱ ከሌለ ክልከላው አይከተልም፤ የነገሮች መነሻም መፈቀድ ነው። ቡና ነጻ የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ጫት የበለጠ አስቸግሯል። ሙስሊሞች ጫት እንደሚወዱ የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ14ኛው ክፍለ ዘመን መዝግቧል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከየመን የመጡ ጥያቄዎች መካ ለነበሩት የሻፊዒ ሊቅ ለኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ቀረቡ። ጫት ስለሚፈጥረው ስሜት የሚነገራቸው ምስክርነት እርስ በርሱ ተጋጨ። ስለዚህ በቁርጥ ሐራም አላሉትም፤ አጠራጣሪ ስለሆነ መራቁ ይሻላል ብለው መከሩ። እንዲህ ያለው መልስ የሚቻለው ፊቅህ ከፈቃድና ከክልከላ በላይ ስለሚያውቅ ነው። ሚዛኑ አምስት ደረጃ አለው፦ ግዴታ፣ የተወደደ፣ የተፈቀደ፣ የተጠላና የተከለከለ።

ሊቃውንቱ በዘዴ ስለተለያዩ አራት የሱኒ መዝሀቦች፣ ማለትም የሕግ ትምህርት መንገዶች፣ ጸንተዋል፤ ሐነፊ፣ ማሊኪ፣ ሻፊዒና ሐንበሊ። ሐነፊዎች ጥብቅ ቂያስ ሰውን ሲጎዳ ወደተሻለው ፍርድ ማዘንበልን ይፈቅዳሉ፤ ማሊኪዎች ለሕዝብ ጥቅም ሰፊ ቦታ ይሰጣሉ። በሐረርና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሻፊዒ ሲገን፣ በወሎ ሻፊዒና ሐነፊ ጎን ለጎን ይኖራሉ። እንደ ጃማ ንጉሥ፣ ዳናና ገታ ያሉ የወሎ ማዕከላት በትምህርታቸው የታወቁ ናቸው። ደረሳው፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ እንደ ቆሎ ተማሪ አገር አቋርጦ፣ አንዱ ሸህ ዘንድ ፊቅህ፣ ሌላው ዘንድ ሰዋስው፣ ሌላው ዘንድ ተፍሲር (የቁርአን ትርጓሜ) ይማራል።

ይህ ትምህርት እስከ ችሎት ይዘልቃል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል፤ የፌዴራሎቹን ያደራጀው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብና ውርስ የሚታዩት ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ብቻ ነው። በእስራኤልም፣ ከናታንያ ከተማ በስተ ምሥራቅ ባለችው ጣይቤ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። የእስራኤል ቃዲዎች (የሸሪዓ ዳኞች) እስካሁን የሚመሩበት የ1917ቱ የኦቶማን የቤተሰብ ሕግ የሐነፊን መዝሀብ መሠረት አድርጎ፣ ሴቶችን ይበልጥ የሚጠቅም ሲሆን ከሌሎቹም መዝሀቦች ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሃና ኻቲብ በእስራኤል የመጀመሪያዋ ሴት ቃዲ ሆነው ተሾሙ።

ለቤተ እስራኤል፣ ለኢትዮጵያ አይሁድ፣ ይህ የፍርድ መንገድ ባዕድ አይደለም። ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ሲወስኑ፣ የተደገፉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በኖሩት በራቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ መልስ ላይ ነው። እዚያም ጥያቄ ቀረበ፣ ቀደምት ቃል ተፈለገ፣ ምክንያት ተመዘነ፣ ፍርድ ተጻፈ። እንግዲህ «እስልምና እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ሲያጋጥመን ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ በየትኛው ምንጭ፣ በየትኛው መዝሀብ፣ በምን ምክንያት? የጎረቤትን ሃይማኖት ማክበር የሚጀምረው ሊቃውንቱ ራሳቸው እርስ በርስ የሚጠያየቁትን ይህን ጥያቄ ከማወቅ ነው።