በበጋ ሁሉም ቡኒ ነው

ኅዳር ገብቶ አውድማ ሲለቀለቅ፣ በአርብ ገበያም ሆነ በታች ጋይንት መንደሮች በየጓሮው እህል የሚለቅመውን ትንሽ ወፍ ሁሉ ድንቢጥ ብሎ ማለፍ ይቀናል። አይፈረድም። በክረምት ሳር መሃል እንደ ፍም የሚቀላው ወፍ እንኳ የመራቢያ ጊዜው ሲያልፍ ቀይና ጥቁር ላባውን አራግፎ የሴቷን ቡኒ ዝንጉርጉር ይለብሳል። ሲቀይር የተገኘ እንደሆነ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቡኒ ሆኖ ያስቃል። ስለዚህ በበጋ ከቀለም የሚጀምር ተመልካች ገና ሳይጀምር ተሸንፏል። መጀመሪያ የሚታየው ምንቃር ነው።

ምንቃሩ አጭርና ወፍራም ከሆነ እህል ሰባሪ ነው፤ ቀጭንና ሹል ከሆነ ተባይ ለቃሚ። ከእህል ሰባሪዎቹ በቆርቆሮ ክዳን ሥር የሚንጫጫው ዋናው ድንቢጥ ራሱና ደረቱ ግራጫ፣ ክንፉ ቀይ ቡኒ ነው። ዝንጉርጉር የለበትም፤ ወንድና ሴቱም አይለዩም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ይህን ድንቢጥ በ1840 ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ስም ካወጣላቸው መካከል ዛሬም የሚያወዛግቡ ሁለት ዘር በሊታዎች አሉ። ሁለቱም ከዓይናቸው በላይ ነጣ ያለ ቅንድብ አላቸው። ደረታቸውን ይመልከቱ፦ የአንዱ ሰረዝ በሰረዝ ነው፣ የሌላው ግን ከሞላ ጎደል ልሙጥ። ልሙጡ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። በየአጥሩ ስለሚታይ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም እንጂ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፍ ተመልካቾች የሚፈልጉት እሱን ነው።

ሰው የማትፈራ፣ ደጃፍ ድረስ መጥታ ጥሬ የምትለቅም ትንሽዬ ወፍም አለች፤ ምንቃሯ ቀላ ያለ ነው። ወንዱ ቀይ፣ ሴቷ ቡኒ፤ እነዚህ በጋና ክረምት አይቀያየሩም። ችግሩ ጎጇቸው ውስጥ እንቁላሉን ጥሎ የሚሄድ ሌላ ወፍ መኖሩ ነው። ጫጩቱ በእነሱ እጅ ያድጋል፤ ወንዱ ሲጎለምስም የአሳዳጊዎቹን ዜማ ቀድቶ ይዘፍናል። በክረምት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ በበጋ ግን ዝንጉርጉር ቡኒ። ራሱ ላይ ሰፊ ሰረዝ ያለበት ቡኒ ወፍ ከእነሱ መሃል ሲለቅም ካዩ ይጠርጥሩ።

ቀጭን ምንቃር ያላቸው አንዳንዶቹ እንግዶች ናቸው። አውሮፓ ሲበርድ እዚህ በጋ ነውና ይመጣሉ። ቺፍቻፍና ዊሎ ዋርብለር የሚባሉት በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ። እግሩ ጠቆር ያለና ጅራቱን ደጋግሞ ወደ ታች የሚነቀንቀው አብዛኛውን ጊዜ ቺፍቻፍ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ ጊልበርት ዋይት በ1768 (እ.ኤ.አ.) እነዚህን ወፎች የለየው በዋናነት በድምፃቸው ነበር። ጆሮ ያለው ሰው ዛሬም ይቀድማል።

መሳሳት ዋጋ የሚያስከፍለው ግሪሳ ላይ ነው። አንዷ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ የሚሊዮን መንጋ ሲሆን 10 ቶን ማለት ነው። በቆላው ማሽላ ላይ ስትሰፍር አውሮፕላን ተልኮ መድኃኒት የሚረጨውም ለዚህ ነው፤ መርዙ ደግሞ አብሯት ያደረውን ሌላ ወፍ አይለይም። ያ በክረምት እንደ ፍም የሚቀላው ወፍ የበጋ ልብሱን ሲለብስ ከግሪሳ ጋር ይምታታል፤ ዋናው መለያ የእሷ ምንቃር ቀይ፣ የእሱ ፈዛዛ መሆኑ ነው። ምንቃሩ ቀይ ሆኖ ራሱ ላይ ጥቁርና ነጣ ያለ ሰረዝ ጎልቶ ከታየ ግን ግሪሳ አይደለም፦ ክረምት ላይ ረጅም ጅራት ያበቀለውና አሁን የጣለው ወፍ ነው። እሱ ሰማይ የሚሸፍን መንጋ የለውም፤ ጥቂት ሆኖ መሬት እየጫረ ይለቅማል።