ፖስተር ማንን ይጠይቅ?

የግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢያን! እንደምታውቁት አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተጭኖ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሄደው ዕቃ በእኛ በኩል ያልፋል። ዕቃው ቢያልፍም ማስታወቂያው ግን እዚሁ ይቀራል፤ ከየሕንፃው ላይ ሆኖ ግዙ፣ ለውጡ፣ ዘመናዊ ሁኑ ይለናል። ታዲያ ለዚህ ጥሪ መልስ የሚሰጥ ፖስተር እንዴት ይሠራል? በሥዕል ክበባችን ሞክረን ያየነውን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

በመጀመሪያ፣ ማስታወቂያ የሚሸጠው ዕቃውን ብቻ አይደለም። ስልክ ሲያሳየን ክብርን፣ ጓደኛንና ደስታን አብሮ ያሳየናል። የስልኩ ዋጋ ይነገረናል፤ ክብሩ ግን በካርቶኑ ውስጥ ይኑር አይኑር የሚነግረን የለም። የፖስተር ሥራ ይህንኑ መጠየቅ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሪቻርድ ሃሚልተን በ1956 እ.ኤ.አ. ከመጽሔት የተቆረጡ ሥዕሎችን ለጥፎ በዕቃ የታጨቀ ሳሎን አሳየ፤ ሥራው ለለንደን ኤግዚቢሽን ፖስተር ሆኖም ታትሟል። በአገራችንም፣ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግራፊክስ የተማረው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የኮምፒዩተር ክፍሎችን ከመርካቶ እየሰበሰበ ትልልቅ የግድግዳ ሥራዎች ይሠራባቸዋል። ትናንት ዘመናዊ የተባለው ዕቃ ዛሬ የት እንደወደቀ ያሳየናል።

አሠራሩ ብዙ ወጪ የለውም። አሮጌ ካርቶን፣ የሳሙናና የብስኩት መጠቅለያ፣ ማርከር፣ ከዱቄት የተሠራ ማጣበቂያ ይበቃል። ሥዕሉ አንድ ይሁን፤ ቃሉም ከአራት ከአምስት አይብለጥ። አሥር እርምጃ ርቃችሁ ካልተነበበ ፊደሉን አተልቁት።

ከሁሉ የከበደን ግን ማንን እንደምንጠይቅ ማወቁ ነው። በመጀመሪያው ፖስተራችን ላይ ትልቅ ስልክ የያዘ፣ ጫማው የተቀደደ ሠልጣኝ ስለን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለን ጻፍንበት። ብዙ ተሳቀበት። ከመካከላችን አንዱ ግን አልሳቀም፤ ለካ ስልኩን የገዛው በብድር ኖሯል። የገዛውም ለጉራ አልነበረም፤ የትምህርት ጽሑፉ ሁሉ በስልክ ስለሚላክ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደዚህ ግድግዳ አልቀረበም። ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ፖስተሩንም አወረድን።

ሁለተኛውን እሱም አብሮን ሠራ። የስልክ ካርቶን ከፍተን ባዶውን ለጠፍነው፤ ከሥሩ «ክብሩ የት አለ?» ብለን ጻፍን። ካርቶኑን ያመጣው እሱ ነው። በዚህኛው ማንም አልተሳቀበትም፤ አላፊው ሁሉ ግን ቆሞ ሲከራከር ዋለ።

ነገ በመቂ፣ በባቱ ወይም በወንጂ ስናስተምር፣ ደብተሩን በፌስታል ይዞ የሚመጣ ልጅ ከፊታችን ይቀመጣል። በመሆኑም ተማሪዎቻችንን ፖስተር ስናሠራ፣ ማስታወቂያውን የሚጠይቅ እንጂ ያንን ልጅ የሚያሳፍር እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጽፋችሁ ስጡን፤ እንለጥፈዋለን። ካርቶንም አትጣሉ!