የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድና የእንጭኒ ቁልቁለት

ስኬትቦርድ ቆመውበት የሚጓዙበት ባለ አራት ጎማ ሳንቃ ነው። በአዲስ አበባ ላፍቶ አካባቢ በ2008 ዓ.ም. መጫወቻ ቦታ ተከፍቶለታል። ሞተር፣ የሞተር መቆጣጠሪያና የሊትየም ባትሪ ሲገጠምለት የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ ይሆናል። ይህን በቤቱ ለሚሠራ ጀማሪ ቀዳሚው ጥያቄ «ምን ያህል ይፈጥናል?» ሳይሆን «ቁልቁለት ላይ እንዴት ይቆማል?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

እንጭኒን ምሳሌ እናድርግ። ከተማዋ ደጋ ላይ ናት፤ ወደ ሙገር ሸለቆ ግን ምድሩ ይወርዳል። ሰውና ሳንቃ በአንድነት 70 ኪሎ ግራም መዝነው፣ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር በሚወርድ መንገድ በሰከንድ 5 ሜትር ይጓዙ እንበል። የመሬት ስበት በየሰከንዱ 70 × 9.8 × 0.05 × 5፣ ማለትም 172 ጁል ያህል ኃይል ይሰጣቸዋል። ከዚህ ውስጥ ሰበቃና አየር የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ የቀረውን ፍሬኑ ካልወሰደው ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል።

በብዙዎቹ ስኬትቦርዶች ፍሬኑ ራሱ ሞተሩ ነው። ሲያዝ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ይመልሳል። አሥር ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ባትሪ ግን 42 ቮልት ሲደርስ ሞልቷል፤ ተጨማሪ አይቀበልም። መከላከያው ሲያቋርጠው ፍሬኑም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ከቁልቁለት አናት የሚነሳ ሰው ባትሪውን እስከ አፉ አይሙላ። በእግር ማቆምንም አስቀድሞ ይልመድ። የመጀመሪያው ሙከራ የራስ ቁር አጥልቆ፣ መኪና በማይገባበት ሜዳማ ቦታ ይሁን። ኃይል መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋምና፣ መሄጃውን አስቀድመን እናዘጋጅለት።