ሞተሩን ሳያሳድጉ ማፍጠን፦ የሎተስ ኤሊዝ ሻንሲ



ሰሞኑን ከኢሻ ሰላት በኋላ አንድ ጥያቄ ተነስቶ ነበር፦ መኪና ለማፍጠን ምን ይደረግ? አብዛኞቻችን «ሞተሩን ማሳደግ ነዋ!» አልን። ሌላም መልስ አለ። እሱን በሚገባ የምታሳየን በእንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ ሄተል በምትባል መንደር የተሠራችው ሎተስ ኤሊዝ ናት።

ኤሊዝ ለሕዝብ የታየችው በ1995 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ነው። ሞተሯ ከሮቨር የተወሰደ ባለ 1.8 ሊትር ሲሆን ጉልበቱ 118 ፈረስ ብቻ ነበር። ክብደቷ ግን 725 ኪሎ ገደማ ነው። እስኪ አብረን እናስላ። 1,450 ኪሎ የምትመዝን መኪና ለእያንዳንዱ ኪሎ ይህንኑ ያህል ጉልበት እንዲደርሳት 236 ፈረስ ያስፈልጋታል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ፍሬን ቢያዝ ደግሞ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል በከባዷ 560 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል፤ በኤሊዝ ግማሹ። ስለዚህ ፍሬኗም፣ ጎማዋም፣ ሞላዋም ቀለል ሊሉ ይችላሉ። እነሱ ሲቀሉ መኪናዋ እንደገና ትቀላለች።

ሞተሩ ያለው ከሾፌሩ ጀርባ፣ ከኋላው አክስል ፊት ነው። (የምናውቃት ቮልስም ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ግን ከአክስሉ አልፎ ስለሚቀመጥ ነገሩ ይለያል።) ጥቅሙን ለመረዳት ውሃ የሞሉ ሁለት ሃይላንዶች ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ዙሩ። ቀጥሎ እጃችሁን ዘርግታችሁ ሞክሩ። ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ መዞር መጀመሩም ማቆሙም ይከብዳችኋል። በዳይናሚክስ ኮርስ «ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ» እያልን በቀመር የምናልፈው ይህንኑ ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ መሃል ሲሰበሰብ መኪናዋ ለመሪ ቶሎ ትታዘዛለች። ከሾፌሩ ቁጥጥር ከወጣች ግን የምትሽከረከረውም በዚያው ፍጥነት ነው።

ዋናው ጉድ ያለው ሻንሲው ላይ ነው። መሐንዲሱ ሪቻርድ ራካምና ባልደረቦቹ ሻንሲውን ከአሉሚኒየም ሠርተው በሙጫ አጣበቁት! መጀመሪያ ስንሰማ እኛም ስቀናል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የጋለው አሉሚኒየም ቅርጽ ባለው ቀዳዳ በግፊት፣ ልክ እንደ ፓስታ፣ ይወጣል። ክፍሎቹ ገጻቸው አኖዳይዝ ተደርጎ በኢፖክሲ ይገጣጠማሉ፤ ሙጫውም በምድጃ ሙቀት ይጠነክራል። ለምን አልተበየደም? የብየዳ ሙቀት የተጠናከረ አሉሚኒየምን በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያደክመዋል፤ ያንን ለማካካስ ደግሞ ማወፈር ይመጣል። ሙጫ ጭነቱን በገጹ ሁሉ ስለሚያከፋፍል ስስ ግድግዳ ይበቃል። ሻንሲው 68 ኪሎ ገደማ ብቻ ሆነ፤ የአንድ ሰው ክብደት ማለት ነው። እኛ በፕሮጀክት ስንሠራ «ለማንኛውም ወፈር ይበል» ብለን የምንጨምረውን ብረት አስቡት።

ሙጫም ድክመት አለው። ስቲከርን ወደ ጎን ብትጎትቱት አይነቀልም፤ ከጥጉ ይዛችሁ ብትልጡት ግን ወዲያው ይነሳል። በየመገጣጠሚያው ቪቴ የተጨመረው ልጣጩ እንዳይጀምር ነው። ከሁሉ የሚከብደው ጥገናው ይመስለናል። ሻንሲው በግጭት ከተጣመመ ማቃናትና መበየድ ስለማያዋጣ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ይቀየራል። መኪና በብየዳ ዕድሜው በሚረዝምበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ስፖርት መኪና ራሱ ኢስራፍ አይደለም ወይ?» ያለን ወንድም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ግዟት አላልንም። ቢሆንም ዘዴው ከቅንጦት መኪና ውጭም ያገለግላል፤ አውቶቡስም ሆነ የጭነት መኪና ትርፍ ኪሎ በተሸከመ ቁጥር ነዳጅ ይበላል። ፋብሪካውን እንኳ በ1996 እ.ኤ.አ. አብላጫ ድርሻውን ገዝቶ ከ20 ዓመት በላይ ይዞት የቆየው ለሕዝብ መኪና የሚሠራው የማሌዥያው ፕሮቶን ነበር።

በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቴስላ የመጀመሪያ መኪናውን ሮድስተርን ለገበያ ሲያወጣ የተነሳው ከኤሊዝ ሻንሲ ነው። ባትሪው ብቻውን 450 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ያስቀመጡትም እዚያው፣ ከወንበሮቹ ኋላ፣ የቤንዚኑ ሞተር በነበረበት ቦታ ነው።