ጥርስ የሌለው አዳኝ

በፍራንክፈርት መሃል ከተማ በኢነንሽታት፣ ክላይንማርክትሃለ በሚባለው የገበያ አዳራሽ፣ ዓሣ ለመግዛት የገባ ሰው ሰይፍ ዓሣን ቢያገኝ የሚያገኘው እንደ ግንድ ተቆራርጦ ነው። የአውሮፓ ሕብረት ደንብ ሻጩን ሳይንሳዊ ስሙን (ዚፊያስ ግላዲየስ)፣ የተጠመደበትን ባሕርና የተያዘበትን መሣሪያ ሳይቀር እንዲጽፍ ያስገድዳል። ጭንቅላቱ ግን አብሮ አይመጣም። የዚህ ዓሣ ጉድ ደግሞ ያለው እዚያው ጭንቅላቱ ላይ ነው።

ሰይፉ ከላይኛው መንጋጋ ተስቦ የወጣ አጥንት ነው። ማርሊን የሚባለው ዓሣ ሹል አፍ ክብ ስለሆነ ጦር ብንለው ያስኬዳል፤ የዚህኛው ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ጠርዙም ይቆርጣል። ዓሣው እስከ 4.5 ሜትር ይረዝማል፣ እስከ 650 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን ያህል አክሎም ካደገ በኋላ አንድ ጥርስ የለውም። ስለዚህ መንጋ መሃል ገብቶ ሰይፉን ግራና ቀኝ ይሰነዝራል፣ ከዚያም የቆሰለውንና የተቆረጠውን እየለቀመ ይውጣል።

ሌላው መሣሪያው ከውጭ አይታይም። ሰይፍ ዓሣ ቀን ቀን በመቶዎች ሜትር ወደሚቆጠር ጥልቀት ይወርዳል፣ ሲመሽ ወደ ላይ ይመለሳል። ጥልቁ ውሃ ብርዳም ነው፤ ብርድ ደግሞ ዓይንንና አንጎልን ያዘገያል። ተመራማሪው ፍራንሲስ ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳየው፣ ከዓይኑ ጡንቻዎች አንዱ የጡንቻነት ሥራውን ትቶ ምድጃ ሆኗል፤ አንጎሉንና ዓይኑን ከውሃው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አስበልጦ ያሞቃል። ሌላውን ገላውን ማሞቅ አያስፈልገውም፤ ቁጠባ ይሉታል ይህን! በ2005 የወጣ ጥናት ደግሞ የሞቀው ዓይን ፈጣን እንቅስቃሴን ከቀዘቀዘው ከአሥር እጥፍ በላይ ለይቶ እንደሚያይ አረጋገጠ። ለብርዳም ዓይን ብዥታ የሆነው ሽሽት ለእሱ ግልጽ ዒላማ ነው።

ዒላማው ግን ሁልጊዜ አይሳካለትም። በ1967 አልቪን የተባለችው የአሜሪካ የምርምር ሰርጓጅ መርከብ 600 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሳለች አንዱ ተወርውሮ ወጋት፤ ሰይፉም በአካሏ ስንጥቅ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። መርከቧ ከነዓሣው ወጣች፣ ሠራተኞቹም እራት አደረጉት።

ጥርስ የሌለው አዳኝ ግን ሰይፍ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ፍራንክፈርት ከሌላም ጋር ትገናኛለች። ከገበያው ብዙም በማይርቀው የኤሸንሃይመር ግንብ አጠገብ በ1821 የዘንከንበርግ ሙዚየም ተከፍቶ ነበር፤ ዛሬ ያለው ከኢነንሽታት ውጭ ነው። የከተማው ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ሐበሻን ዞሮ ለዚሁ ሙዚየም ዓሣ ከሰበሰበባቸው ውሃዎች አንዱ ጣና ነው። ከመዘገባቸው ዓሦች አንዱ በሳይንስ እስካሁን ጎርጓሪ እየተባለ ይጠራል።

ጎርጓሪም አዳኝ ነው፣ እሱም መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ በተለየው ጣና 15 ያህል የዚህ ወገን ዝርያዎች ሲኖሩ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ለወገናቸው ይህ ብርቅ ነው፤ አብዛኛው ዘመዳቸው ጭቃ እያበጠረ የሚኖር ነውና። ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ብቻ ነው። አፋቸው የያዘውን መቁረጥ አይችልም፤ ጎርጓሪ አደኑን ከነሕይወቱ ይውጣል፣ በጉሮሮው የማያልፈውንም ይተወዋል። ሰይፍ ዓሣ ይህን ችግር የፈታው ቢላዋውን ከአፉ ውጭ በማብቀል ነው።