በአውራ ጎዳና ዳር የከብት አጥር በኮንትራት ስለ ማሠራት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በእንፍራንዝ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣው አውራ ጎዳና የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ማክሰኝትን አቋርጦ ያልፋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የእርሻ ማሳ፣ የወል ግጦሽና ከእንስሳት ንክኪ የተከለለ ኮረብታ ተጠጋግተው ይገኛሉ። የመኸሩ ሰብል ከተነሣ በኋላ ከብቱ በማሳው ላይ የቀረውን አገዳና ቃርሚያ እንዲግጥ ይለቀቃል። ሣሩ ከመንገዱ ወዲህ፣ ውኃው ከመንገዱ ወዲያ በሆነበት ሥፍራ ሁሉ መንጋው በየቀኑ አስፋልቱን ሁለት ጊዜ ይሻገራል።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ለማንም የተሰወረ አይደለም። አንድ በሬው በመኪና የተገጨበት ገበሬ ጥማዱ ስለሚጎድል የዚያን ዓመት እርሻውን በመቀናጆ ወይም በሬ በመከራየት ለማረስ ይገደዳል፤ የእርሻው ጊዜም ያልፍበታል። በሌላ በኩል ከብቱ የሰው ቡቃያ ወይም የማኅበሩን ችግኝ ቢያጠፋ ባለቤቱ ዕዳ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆን እንኳ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። ስለዚህ አጥር ለሣሩ ብቻ ሳይሆን ለከብቱ ሕይወትና ለባለቤቱም ኪስ መጠበቂያ ነው።

ይህ ጽሑፍ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በመንገድ ዳር ያለውን የወል ግጦሽ ወይም ክልል በኮንትራት ሲያሳጥሩ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡትን ነገሮች ለልማት ሠራተኞችና ለማኅበራት ኮሚቴዎች ለመግለጽ የተዘጋጀ ነው።

በደቦ ወይስ በኮንትራት?

ለአጨዳና ለውቂያ የሚጠራው ደቦ በአንድ ቀን ብዙ እጅ የሚሰበስብ የቆየ ባህላችን ነው። ድንጋይ ለማጓጓዝ፣ እሾህ ለመቁረጥና መስመር ለመመንጠር ከደቦ የተሻለ መንገድ የለም። ይሁን እንጂ ጉድጓዱ በልክ እንዲቆፈር፣ ቋሚው ቀጥ ብሎ እንዲተከልና ሽቦው ተወጥሮ እንዲታሠር ሙያ ያለውና ተጠያቂ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። አሥር ሰው በተለያየ ቀን የተከለው አጥር በወደቀ ጊዜ ማንን መጠየቅ ይቻላል?

ኮንትራት ማለት በቀን ሂሳብ ሠራተኛ መቅጠር ማለት አለመሆኑንም ኮሚቴው ሊረዳው ይገባል። የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው ለዋለበት ቀን ነው። የሥራ ተቋራጭ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2610 እንደተመለከተው በራሱ ኃላፊነት አንድን የታወቀ ውጤት ለማስገኘት ግዴታ የሚገባ ሰው ነው። እንግዲህ ማኅበሩ የሚገዛው የቆመ አጥር እንጂ የሰው ጉልበት አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱን ማቀናጀት ነው፤ ይኸውም አባላት ድንጋዩንና እሾሁን በደቦ ያቀርባሉ፣ ተቋራጩ ደግሞ የተከላውንና የሽቦውን ሥራ በሜትር ሂሳብ በቁርጥ ዋጋ ይይዛል።

አጥሩ የት ይቁም?

መንገዱ የራሱ ክልል አለው። ጎዳናው የፌዴራል መንገድ በመሆኑ ማኅበሩ አንድ ጉድጓድ እንኳ ሳያስቆፍር በወረዳው አስተዳደር በኩል የመንገዱን ወሰን ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር አስለክቶ በጽሑፍ መያዝ አለበት። በመንገድ ክልል ውስጥ የተተከለ አጥር መንገዱ በሚሰፋበት ጊዜ ይነቀላል፤ የተከፈለውም ገንዘብ ይባክናል። የጎርፍ ማስወገጃ ቦይና ቱቦ በአጥር መዘጋት የለበትም። በመንገድ ኩርባ ላይ ደግሞ ቁመቱ የነጂውን ዓይን የሚጋርድ የቁልቋል አጥር መትከል አደጋን መጋበዝ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለበር ረጅም አጥር ቢታጠር፣ በአንድ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ አስፋልቱ የገባ ከብት መውጫ አጥቶ በሁለት አጥር መካከል ይሮጣል። እንዲህ ያለው አጥር ካለመኖሩ ይልቅ ጎጂ ነው። በመሆኑም መንጋው በልማድ የሚሻገርበት ሥፍራ ከእረኞች ጋር ተጠንቶ በሁለቱም በኩል ፊት ለፊት የሆነ በር ሊኖረው ይገባል። በሩ ነጂ ከሩቅ ሊያየው በሚችልበት ቀጥ ያለ የመንገድ ክፍል ላይ ይሁን። ድልድይ በሚገኝበት ቦታ በበጋ ወራት ከብቱን ከሥሩ ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ መመልከትም መልካም ነው። ይህ ጉዳይ የመሐንዲስ ብቻ አይደለም። በየቀኑ የሚሻገረውን የሚያውቀው እረኛው ነውና ልጆችም ቢሆኑ ይጠየቁ።

ልክና ወጪ

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ርዝመቱን በሜትር መለካት ግድ ነው። የቦታው ቅርጽ ወጪውን እንደሚለውጥ ከሚከተለው ምሳሌ መረዳት ይቻላል። አራት ሄክታር የሆነ ግጦሽ ጎኑ 200 በ200 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 800 ሜትር ነው። ያው አራት ሄክታር 100 በ400 ቢሆን 1,000 ሜትር፣ መንገዱን ተከትሎ 50 በ800 ቢሆን ደግሞ 1,700 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በመንገድ ዳር ቀጭን ሆኖ የተዘረጋ ቦታ ከማጠር ይልቅ ከጎረቤት ይዞታ ጋር ተነጋግሮ አንድ ላይ ማጠር ወጪን በእጅጉ ይቀንሳል።

ለአንድ ኪሎ ሜትር የሽቦ አጥር ቋሚዎቹ በየ2.5 ሜትር ቢተከሉ 401 ቋሚ ያስፈልጋል። አራት መስመር የእሾህ ሽቦ 4,000 ሜትር ሲሆን ለማሠሪያና ለብክነት ከመቶ 5 ቢጨመርበት 4,200 ሜትር ይሆናል። ጥቅል ሽቦ ሲገዛ በክብደት ወይም በጥቅል ቁጥር ሳይሆን በሜትር ይጠየቅ፤ የጥቅሉ ርዝመት እንደ አምራቹ ይለያያልና።

የድንጋይ ካብ ከሆነ ደግሞ ከታች 80፣ ከላይ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 120 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ካብ በእያንዳንዱ ሜትር 0.72 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይፈጃል፤ ለ100 ሜትር 72 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። ኮሚቴው ይህን ሂሳብ አስቀድሞ ካወቀ ተቋራጩ የሚያቀርበው ዋጋ ልክ መሆኑንና አለመሆኑን ሊመዝን ይችላል።

እንደ አፈሩ የሚመረጥ አጥር

የጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳ ከተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ጥናት ያካሄደበት አካባቢ ነው። ከፍ ያለው ተዳፋት ድንጋያማ ሲሆን ዝቅተኛው ሜዳ ዋልካ አፈር ይበዛበታል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በበጋ ጠንክሮ የቆመ የመሰለ ቋሚ በክረምቱ ይዘምማል፤ አጥሩም ይላላል።

በዋልካ ላይ የሚተከል ቋሚ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የማዕዘንና የበር ቋሚ 90 ሳንቲ ሜትር ይግባ። ጉድጓዱ ውስጥ ድንጋይ እየተጨመረ ይጠቅጠቅ እንጂ አፈር ብቻ አይሞላበት። የማዕዘን ቋሚዎች ሽቦው በሚጎትትበት አቅጣጫ ደጋፊ እንጨት ያስፈልጋቸዋል። ለከብት አራቱ የሽቦ መስመሮች ከመሬት በ30፣ በ60፣ በ90 እና በ120 ሳንቲ ሜትር ቢዘረጉ ይበቃል። በግና ፍየል ግን በዚህ ይሾልካሉና ከታች በኩል አንድ መስመር ተጨምሮ የታችኞቹ ይጠጋጉ።

የባሕር ዛፍ ቋሚ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ያልታከመ ከሆነ ምስጥና ብስባሴ በጥቂት ዓመታት ይጥሉታል። ጽድና ወይራ ይጸናሉ፤ ሆኖም ለአጥር ተብሎ የቀረውን የአገር ደን መቁረጥ አይገባም። ስለዚህ ከደረቅ ቋሚዎቹ ጎን ሕያው አጥር መትከል ይመከራል። ቅንጭብና ቁልቋል ተቆርጠው ቁስላቸው እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ያህል በጥላ ከቆዩ በኋላ በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ይተከላሉ። የሁለቱም ወተት ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሠራተኛው እጁንና ዓይኑን መከላከል አለበት። አጋምና ቀንጣፋም ጠንካራ የእሾህ አጥር ይሆናሉ። ደረቁ አጥር በሚያረጅበት ጊዜ ሕያው አጥሩ ይተካዋል።

በተዳፋቱ ላይ ከሽቦ ይልቅ ካብ ይሻላል። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ከከብት ለመጠበቅ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማንና ከካህናቱ ጋር ሆነው የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ያደረጉት ጥረት ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአካባቢው ማሳ የተለቀመው ድንጋይ ካብ ሲሆን ማሳው ለማረስ ይቀላል፤ ከብት የማይረግጠው ችግኝም ያድጋል። ነገር ግን ድንጋይ ከእርከን ላይ መንቀል ፈጽሞ አይገባም። ፍየል ካብ ስለሚወጣም በራሱ ላይ የእሾህ ጭራሮ ይደርደርበት።

የእሾህ ሽቦ ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ጆሴፍ ግሊደን በ1874 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈጠራ መብት ካገኘበት ወዲህ እንጨትና ድንጋይ ባልነበረበት ሰፊ ሜዳ ተስፋፍቷል። እኛ ግን ድንጋዩም ቁልቋሉም በእጃችን ስላለ ሽቦ የምንገዛው እነዚህ ለማይበቁበት ቦታ ብቻ ሊሆን ይገባል።

ውሉ

ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። በሕግ ፊት በትክክል የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው፤ ያልተጻፈውን ግን በኋላ ማስረዳት ያስቸግራል። በውሉ ውስጥ ቢያንስ የሚከተሉት ይግቡ፦

1. የአጥሩ ርዝመት በሜትር፣ መነሻውና መድረሻው፣ የበሮቹ ብዛትና ሥፍራ፤
2. የቋሚው ዓይነት፣ ውፍረትና ቁመት፣ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የሽቦው መስመር ብዛት፤
3. ዕቃውን ማን እንደሚያቀርብ፣ የተረፈውስ የማን እንደሚሆን፤
4. ዋጋው በሜትርና በጠቅላላው፤
5. ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ለዘገየበትም የሚቀነሰው ገንዘብ፤
6. ሠራተኛ ቢጎዳ ወይም ከብት ባልተሸፈነ ጉድጓድ ቢገባ ኃላፊው ማን እንደሆነ።

የጊዜውም ምርጫ ዋጋ አለው። ጉድጓድ ለመቆፈር ዋልካው ሳይደርቅ፣ ክረምቱ እንደወጣ ያለው ጊዜ ይመረጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰው ሁሉ በአጨዳና በውቂያ ላይ ስለሚሆን ጉልበት ይወደዳል። የካብ ሥራ ግን ከጥር እስከ መጋቢት ቢሆን ምቹ ነው።

ክፍያና ርክክብ

ብዙ ማኅበራት የሚጎዱት በዋጋው ሳይሆን በክፍያው አከፋፈል ነው። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሞ ከፍሎ በኋላ መክሰስ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ዓይነት ነው። በእኛ አስተያየት ክፍያው በአራት ቢከፈል ይመረጣል። ሁነኛ ዋስ ሲቀርብ ከመቶ 20 ቀብድ ይሰጣል። ቋሚዎቹ ሁሉ ተተክለው ሽቦ ሳይዘረጋባቸው ሲመረመሩ ከመቶ 30፣ ሽቦውና በሮቹ ሲያልቁ ከመቶ 35 ይከፈላል። የቀረው ከመቶ 15 በማኅበሩ እጅ ተይዞ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ በጥቅምት ይለቀቃል። ዋልካ ላይ የቆመን አጥር በትክክል የሚፈትነው ክረምቱ ነውና። ይህ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ካልሰፈረ ግን ተቋራጩ የሠራበትን ዋጋ መከልከል በደል ይሆናል። ተቋራጩም ድሃ ሠራተኞች ያሉት ሰው መሆኑ አይዘንጋ። ሥራው በተመረመረ በሳምንቱ ክፍያው ይድረሰው።

ምርመራው ቀላል ነው። ቋሚዎቹ ከመተከላቸው በፊት ከሥራቸው 60 ሳንቲ ሜትር ላይ በቀለም ይከበቡ፤ ከተተከሉ በኋላ ቀለሙ ከመሬት በላይ ከታየ ጉድጓዱ አልጠለቀም ማለት ነው። እያንዳንዱ ቋሚ በትከሻ ተገፍቶ ይሞከር። ርዝመቱ በገመድ ሜትር እንደገና ይለካ። በርክክቡ ቀን ኮሚቴው፣ የልማት ሠራተኛውና ከእረኞች አንድ ሰው ተገኝተው በቃለ ጉባኤ ይፈርሙ።

ከአጥሩ በኋላ

በ1997 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የአፈርና ውኃ ጥበቃ በተሠራበት መሬት ልቅ ግጦሽ ቀርቶ አጭዶ መመገብ ደረጃ በደረጃ እንዲጀመር ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም አጥር ሲቆም ሁሉም ሰው እኩል አይጠቀምም። መሬት የሌለው ወጣት ሁለት ፍየሉን፣ ባሏ የሞተባት እናት አንዲት ላሟን የሚያሰማሩት በመንገድ ዳር በቀረው ሣር ላይ ነው። እነርሱ ሳይመከሩ የታጠረ አጥር በሌሊት ይቆረጣል፤ ቢጠበቅም ጥበቃው ከሣሩ የበለጠ ወጪ ያስወጣል። ስለዚህ የታጠረው ሣር በየስንት ጊዜው እንደሚታጨድ፣ ድርሻው እንዴት እንደሚከፋፈልና ለእነዚህ ሰዎች ስንት ሸክም እንደሚደርሳቸው ተቋራጭ ከመጠራቱ በፊት በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ ይጻፍ። ለአጥሩ ጥገናም ከሣሩ ሽያጭ የተወሰነ ገንዘብ በየዓመቱ ይቀመጥ፤ ቋሚ የሚለውጥና ሽቦ የሚወጥር አንድ ሰውም በስሙ ይመደብ። የልማት ሠራተኛው የመጀመሪያ ተግባር ይህን ጉባኤ ማስጠራት ነው፤ የሜትር መለኪያው ከዚያ በኋላ ይዘረጋል።