ሙቀት የምትቆጥር ካሬ

የፖሊዮ ክትባት ብልቃጥ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ክብ፣ በክቡ መሐል ደግሞ ነጣ ያለች ትንሽ ካሬ አለች። የጤና ባለሙያዎች «ቪቪኤም» ይሏታል። ሥራዋ ብልቃጡ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ያገኘውን ሙቀት እየደመሩ መያዝ ነው። የተቀባችበት ኬሚካል ሙቀት ሲበረታ ፈጥኖ፣ ሲቀንስ በዝግታ ይጠቁራል። አንዴ ከጠቆረች ፍሪጅ አያነጣትም። ካሬዋ ከክቡ የነጣች እስከሆነች ድረስ፣ የአገልግሎት ጊዜው ካላለፈ ክትባቱ ይሰጣል፤ ቀለማቸው ከተመሳሰለ ወይም ካሬዋ ከክቡ ይበልጥ ከጠቆረች ይወገዳል።

አብዛኛው ክትባት በጉዞ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ማዕከላዊ መጋዘን፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ በመጨረሻም ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ተፈናቃዮች መጠለያ ሲወርድ በየደረጃው መብራት ይጠፋል፣ መኪና ይበላሻል፣ መንገድ ይዘጋል። ሙቀት የገደለው ክትባት ደግሞ በዐይን ሲያዩት ከደህናው አይለይም። ስለዚህ ቀድሞ ፍሪጁ ቆሞ ባደረ ቁጥር ደህናው ጭምር ይጣል ነበር፤ አለዚያም የማይሠራ ክትባት ለሕፃን ይሰጥ ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ መናገር ይከብዳል።

ቪቪኤም መጀመሪያ የተለጠፈው በ1996 እ.ኤ.አ. በአፍ በሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ላይ ነው። ከፖሊዮ መጀመሩ ትክክል ነበር፦ ክትባቱ ለሙቀት እጅግ ስስ ነው፣ በዘመቻም ቤት ለቤት ይዞራል። የእሱ ካሬ በ37 ዲግሪ 2 ቀን ብቻ ትቆያለች፤ ሙቀት የሚችለው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካሬ ግን እስከ 30 ቀን።

ከሁሉ የማደንቀው ካሬዋ ውሳኔውን ማን እጅ እንዳስገባችው ነው። ተራራ ወጥታ ተራራ የምትወርደው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ላቦራቶሪም ሆነ የአለቃ ፊርማ ሳትጠብቅ፣ እናትየው ፊት ብልቃጡን አይታ ትወስናለች። ካሬዋ መጋዘን ውስጥም ቅደም ተከተል ታስይዛለች፦ ካሬው የጠቆረበት ብልቃጥ፣ የአገልግሎት ጊዜው ከሌሎቹ ቢረዝም እንኳ፣ ቀድሞ ይወጣል።

ካሬዋ ቅዝቃዜን ግን አታውቅም። ፔንታቫለንት፣ ሄፓታይተስ ቢና ቴታነስ ክትባቶች ውስጥ የአሉሚኒየም ጨው አለ፤ በረዶ ሲሆኑ ጨዉ ይቋጠርና ክትባቱ ይከሽፋል፣ ካሬዋ ነጭ እንደሆነች። የተጠራጠረ ባለሙያ አንዱን ብልቃጥ ሆን ብሎ በረዶ አድርጎ ያቀልጠዋል፤ ከዚያ ከተጠረጠረው ጋር አብሮ በጥብጦ ያቆማቸዋል። የተጠረጠረውም በረዶ እንደሆነው ፈጥኖ ከዘቀጠ ይጣላል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለክትባቱ ከመሳሳት ነው፦ ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ ወዲያው መያዣው ውስጥ ሲታጨቅ። ትክክለኛው አሠራር አይስ ፓኩን ደጅ አቆይቶ፣ ሲወዘውዙት ውስጡ ውኃ ሲንቦጫቦጭ ከተሰማ በኋላ መጫን ነው።